ጎጆ መውጣት፦ ርስት፣ አኩፋዳና ዕጣ በጎጃም ምድር

አማርኛ ልጅ አድጎ ራሱን ሲችል «ጎጆ ወጣ» ይላል። ቃሉን ልብ ብሎ ለሰማው ሰው ነገሩ ጥቂት ያስገርማል። ጎጆ የሚገቡበት እንጂ የሚወጡበት አይመስልምና «ጎጆ ገባ» ቢባል ይቀል ነበር። ቋንቋው ግን የቆመው ከወላጆች ደጃፍ ላይ ነው፤ የሚያየውም እየራቀ የሚሄደውን ልጅ ጀርባ ነው። ወላጅም በበኩሉ ልጁን «ጎጆ ያወጣል» እንላለን። ልጅ እንዲሁ በራሱ ጊዜ አይወጣም፤ የሚያወጣው አለ፤ ማውጣትም የወላጅ ግዴታ ነው። ልጁን ጎጆ ያላወጣ አባት በአገሬው ዘንድ እዳውን እንዳልከፈለ ሰው ይታያል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ፈረንጅ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ከቤት ያስወጣል፤ የእኛ ልጅ ግን እስኪሸብት ከእናቱ ጓዳ ይኖራል፤ ባህላችን ነው» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ እንሰማለን። ግማሹ ሰው ይህን በኩራት ይናገረዋል፤ ግማሹ በምሬት። ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ፈረንጅም አንድ አይደለም፤ የስዊድን ወጣት በ20ዎቹ መጀመሪያ ከወላጁ ቤት ሲወጣ፣ የጣልያንና የስፔይን ወጣት በአማካይ 30 ዓመት እስኪጠጋ ከእናቱ ማእድ አይለይም። እኛም ቢሆን የጎጃምን ደጋ ታሪክ ገልጠን ብናይ፣ ልጅን በጊዜ ከቤት ማውጣት የጥንት ሥርዓት፣ ልጅን አስቀምጦ ማቆየት ደግሞ የቅርብ ዘመን ችግር ሆኖ እናገኘዋለን።

ከጎጃም ገበሬ ቤት የሚያስወጡ ሁለት በሮች ነበሩ። አንደኛው በጋብቻ በኩል የሚከፈተው የጎጆ በር ነው። ሁለተኛው በአኩፋዳና በደበሎ የሚወጣበት የተማሪ ቤት በር ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። በዚያ የሚታየው የጎጃም ቤተሰብ፣ ብዙዎቻችን በሐሳባችን እንደምንሥለው ልጅ፣ የልጅ ልጅና ምራት በአንድ አዳራሽ የሚታጎሩበት አይደለም። አንድ ቤት አንድ ባለቤት አለው። ያገባ ወንድ ልጅ ለጊዜው ከአባቱ ግቢ ጥግ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጥ ይሆናል፤ ዓላማው ግን የራሱን ሦስት ጉልቻ ማቆም፣ የራሱን በሬ መጥመድ፣ በራሱ አውድማ መውቃት ነው። ወንድማማቾች አባት ከሞተ በኋላ በአንድ ጎተራ አይበሉም።

ወደዚህ የሚያደርሱት ደረጃዎች በቃላት ሳይቀር ተሰይመዋል። ገና በአባቱ ቤት ያለ ጎረምሳ ለራሱ የሚያርሳት ቁራጭ መሬት ትሰጠው ነበር፤ «ጉልማ» ትባላለች። የአባቱን ማሳ አርሶ ሲጨርስ ጉልማውን ያርሳል፤ ከጉልማው ያገኘው እህል የእርሱ ነው፤ ሸጦ በግ፣ በጉን አርብቶ ጊደር ይገዛል። በሬ ሲያገኝም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነውና፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጓደኛው ጋር ያቀናጃል፤ ይህ «መቀናጆ» ነው። ተራ በተራ ያርሳሉ። ጋብቻውም ሲመጣ ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ፊት ከብቱን ቆጥረው፣ የዚህን ወገን በሬ ከዚያኛው ላም አመዛዝነው፣ በሰማንያ ውል ያስሩታል። እንግዲህ አንድ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ከአባቱ ቤት ሲወጣ ባዶ እጁን አልነበረም። ራስን መቻል በአንድ ቀን ምርቃት የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ ከጉልማ ወደ መቀናጆ፣ ከመቀናጆ ወደ ጥማድ በሬ እየተሻገሩ የሚለማመዱት እንጂ።

መሬቱስ ከየት ይመጣል? የርስትን ጥበብ የማያውቅ ሰው አባት ማሳውን ለልጆቹ እየሸነሸነ የሰጠ ይመስለዋል። እርግጥ አባት በሠርግ ጊዜ ለልጁ መሬት ይሰጣል። ነገር ግን ርስት ማለት አንድ የታወቀ ማሳ አልነበረም። ርስት ማለት ከአቅኚ አባት በሚቆጠር የዘር ሐረግ፣ በአባትም በእናትም በኩል ተቆጥሮ፣ ከዚያ ሐረግ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። አንድ ሰው የስምንት ቅድመ አያቶች ልጅ ከሆነ፣ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ፣ በስምንት አቅጣጫ የሚጠይቀው አለው። ሚስቱም እንደዚያው። ስለዚህ ጎጆ የወጣ ወጣት ከአባቱ በተሰጠው ይጀምርና፣ አንደበቱ ሲፈታ፣ ዘመድ ሲያበዛና ዳኛ ፊት መቆም ሲለምድ፣ የቀረውን ራሱ በሙግት ያገኘዋል። የጎጃም ሰው በሙግት የሚታማበት ምክንያት ይኸው ነው። መቼም ሐሜቱ ያለ ነገር አልመጣም፤ ሙግት ለወጣቱ ገበሬ ሁለተኛው እርሻው ነበር።

ይህን ስል ዘመኑን ማሞካሸቴ አይደለም። መሬት በአባት እጅ እስካለ ድረስ ልጅም በአባት እጅ ነው። ልጁን ለማስታዘዝ የሚሻ አባት ጋብቻውን ያዘገያል፣ ወይም የሰጠውን ማሳ «ገና ነው» ብሎ መልሶ ይይዛል፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ዓይኑን ሰብሮ ይኖራል። ሴት ልጅ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ዕጣ ደረሳት። እርሷ የምትወጣው አድጋ አልነበረም፤ ሳታድግ ነው። የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ያለች፣ በበቅሎ ተጭና ወደማታውቀው ሰው ቤት ትሄድ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ ጋብቻን ዕድሜ 15 አደረገ፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ሕጉና ገበሬው መንደር ሳይገናኙ ብዙ ዓመት ኖሩ። «ጎጆ ወጣች» የሚለው ቃል ለእርሷ ሲነገር እንደ ወንድሙ ራስን መቻልን አያመለክትም፤ ከአባት እጅ ወደ ባል እጅ መተላለፍን ነው። ከዚያ ጋብቻ አምልጠው በፍች የወጡ ሴቶች ግን ነበሩ። ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ ወርደው፣ ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረው ሸጠው ቤት ያቆሙት እነርሱ በእውነት ጎጆ ወጥተዋል፤ ማንም ግን እንዲህ ብሎ አልጠራላቸውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ ያለውም እዚያ ነው።

ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ መንገዶች፣ ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም እያልን ብንቆጥር፣ በመንቆረር ዙሪያ ያለው ደጋ ሁሉ (ኋላ ደብረ ማርቆስ የተባለው ከተማ የቀድሞ ስሙ መንቆረር ነበር) የተማሪ ቤት አገር ነው። ቅኔ የሚሻ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ አባይንና ጣናን እየተሻገረ ወደ ጎጃም ይመጣል። የጎጃሙ ልጅ በበኩሉ አቋቋም ሲሻ ወደ ጎንደር፣ ድጓ ሲሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። ሁሉም ከአገሩ ይርቃል። መራቁም በአጋጣሚ አልነበረም። ቅርብ ያለ ተማሪን አባቱ በእርሻ ወቅት መጥቶ ከጉባኤ መካከል እጁን ይዞ ይወስደዋል፤ እናቱም ስንቅ እየላከች ታሞላቅቀዋለች። ተማሪ እንዲማር ከዘመድ ዓይን መሰወር አለበት። ስለዚህ ብዙዎቹ የወጡት ተመርቀው ሳይሆን ኮብልለው ነው። ከብት እንዲጠብቅ የተላከ ልጅ ከብቱን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ፣ ያደረባትን መንደር ሳይናገር፣ የሚያልፉ ተማሪዎችን ተከትሎ ይጠፋል። አባትም ወር ሙሉ ሲፈልግ ይከርምና፣ «ተማሪ ቤት ገብቷል» የሚል ወሬ ሲደርሰው ይቆጣል፤ ከቁጣው ሥር ግን ኩራት አለ።

ይህ ልጅ ዕድሜው ስንት ነው? አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት። በዛሬ ሚዛን ሕፃን ነው። ንብረቱ የበግ ለምድ፣ ከሣር የተሠራች አኩፋዳ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ነው። ሲነጋ ትምህርቱን፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ደጅ ለደጅ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የለመነውን ቁራሽ በጸሐይ አድርቆ ያስቀምጣል፤ ቆሎ ሲያገኝ ደስታው ነው፤ «የቆሎ ተማሪ» መባሉም ከዚሁ ነው። የመንደሩ ሴቶች ይሰጡታል፤ አንዳንዷ ስትሰጥ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ የእርሷም ልጅ በሌላ አገር በማታውቃት ሴት ደጃፍ ቆሞ ይሆናልና። አገሬው ሁሉ የሌላውን ልጅ በመመገብ የራሱን ልጅ ያስተምር ነበር። ምንም ውል ያልተጻፈለት፣ ምንም መዝገብ ያልተያዘለት ብድር ነው።

ማደሪያውስ? ተማሪው ከመምህሩ ቤት ዙሪያ በራሱ እጅ ጎጆ ይቀልሳል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህች ላይ ጥቂት እንቁም። ገበሬው ልጅ ጎጆ የሚወጣው በሃያ ዓመቱ በሬ፣ ሚስትና መሬት ይዞ ነው። ተማሪው ጎጆውን የሚሠራው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ምንም ሳይኖረው ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ጎጆ። ግን የመጀመሪያው በወላጅ ሀብት ይወጣል፤ ሁለተኛው ከወላጅ ፈቃድ ውጭ።

በዚያች ጎጆ የሚሠራው ሥራም ለብቻ መቆምን የሚያስተምር ነው። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለውን ይይዛል፤ የመጽሐፍ ተማሪ ትርጓሜውን ያጠናል። የቅኔ ተማሪ ግን የሌላውን ቢደግም ዋጋ የለውም። ሌሊት ብቻውን ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ሲነጋ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዝምታው ከነቀፋው ይበልጥ ያማል ይላሉ። እንዲህ ዓመት ተቀምጦ ለመዝረፍ የበቃ ልጅ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ማንም ያልተናገረውን ነገር የመናገር ድፍረት ያገኛል። ከአባቱ ቤት ወጥቶ ራሱን የቻለ ሰው ማለት ይህ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ከእነዚህ ተማሪ ቤቶች የወጡትን ስም መጥራት ብንጀምር አንጨርስም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ወጥቶ በአዲስ አበባ የቴአትር ጸሐፊ ሆነ። በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሀዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወርደው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ቀሰሙ፤ አርበኛ፣ የጣልያን እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆኑ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ታሪክ እየተባለ ይነበባል፤ ነውም። እኔ ግን ስለ ልጅ ከቤት መውጣት የተጻፈ መጽሐፍ አድርጌም አነበዋለሁ። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው፤ ሳይጠየቅ ተሰጥቷል፤ ዕድሜ ልኩን የሚጎትተውም ያ የሌሎች ቃል ኪዳን ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል አጥተው፣ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ እየመለሱ፣ ልጃቸውን ከእልፍኝ አስቀምጠው አቆዩአት። አንዱ ቀድሞ ተሰጠ፤ ሌላዋ ሳትሰጥ ቀረች። ሁለቱም በመጨረሻ በየፊናቸው በሌሊት ይኮበልላሉ፤ ሲገናኙ ጊዜው አልፏል። ሀዲስ የሁለቱንም ወላጆች ፍቅር አልካዱም፤ የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇን የሰጠችው ሞቱን ፈርታ ነው። ፊታውራሪም ልጃቸውን አልጠሉም። መጽሐፉን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን በሮች የሚያገናኘውን ማንሣት ይገባል፤ እርሱም ርስት ነው። ኮብልሎ የሄደው ተማሪ መሬቱን አልተወም። የርስት መብት በደም የሚቆጠር ስለሆነ ሃያ ዓመት ቢርቅም አይሻርም። ጎንደር ከርሞ፣ ሸዋ ደብትሮ፣ ጸጉሩ ገብስማ ሆኖ ቢመለስ፣ ዘሩን ቆጥሮ «የአያቴ ድርሻ» ብሎ መሟገት ይችላል። ዘመድ ላይወድለት ይችላል፤ መብቱን ግን አይክድም። ልጅ በድፍረት የሚወጣው የሚመለስበት ስላለው ነበር። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ ያመፀው፣ ከገንዘቡ ይልቅ «መሬት ተለክቶ ርስታችን ሊሄድ ነው» ብሎ ሰግቶ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይጸና ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። በደቡብ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው ይኸው አዋጅ በጎጃም ሌላ መልክ ነበረው፤ ጭሰኛና ባላባት እንደ ደቡቡ አልተለያዩምና። እዚህ የተለወጠው የመብቱ ሥር ነው። መሬት ከዚያ ወዲህ በአያት አይጠየቅም፤ በቀበሌ ገበሬ ማኅበር አባልነት፣ በቦታው በመቀመጥና በራስ ጉልበት በማረስ ነው። ነገሩ ፍትሕ ነበረው፤ ምላስና ዘመድ የሌለው ድሃም ድርሻ አገኘ። ነገር ግን የሄደ ልጅ ድርሻውን አጣ። መውጣት መመለስ የሌለበት መንገድ ሆነ። ቤተሰብ ሲበዛ ድርሻ ስለሚጨምርም፣ ጎረምሳው በአባቱ መዝገብ ላይ መቆጠሩ ወይም ቶሎ አግብቶ የራሱን ስም ማስመዝገቡ ሒሳብ ሆነ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና የመሬት ድልድል ተደረገ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ድልድሉ ያለፈበት መንገድ ዛሬም ይነሣል። ቀድሞ በደርግ የቀበሌ አመራር ላይ የነበሩት «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር እንዳያልፍ ተደረገ፤ የተወሰደው መሬት ላልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ተሰጠ። ቅር የተሰኙ ገበሬዎች በእግርም በመኪናም እስከ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ብለዋል። በአንድ መንደር ውስጥ አባቱ መሬት የተቀማበት ወጣትና በዚያው መሬት ጎጆ የወጣ ወጣት አብረው አደጉ። ማን ተበደለ፣ ማን ካሰ የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ ሁለቱንም የሰማ ሰው ለመፍረድ ይቸገራል።

ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልመጣም። ገበሬው ለይዞታው የማረጋገጫ ደብተር ተሰጠው፤ ደብተሩ ባለመሬቱን ከሥጋት አሳረፈው። መሬት የሌለውን ደግሞ ከተስፋ አሳረፈው። በድልድሉ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳኛ ዓመቱን ሊደፍን ነው። ጉልማ የሚሰጥ አባት የለውም፤ አባቱ ራሱ የሚያርሰው የጉልማ ያህል ነውና። ስለዚህ የእኩል ያርሳል፤ በመኸር ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርድ ነበር፤ ወይም ቀለም ቆጥሮ በ1999 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላው ይገባል። ተመርቆም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወደ አባቱ ቤት ነው። የቆሎ ተማሪው ያለ ፈቃድ ወጥቶ መምህር ሆኖ ይመለስ ነበር፤ ይኸኛው በድግስ ተሸኝቶ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይመለሳል። አባት ወረቀቱን በፍሬም አሰቅሎ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ስለ እርሱ አያወሩም።

አዲስ አበባ ያለው ዘመዱም አልተሻለውም። ቤት ኪራይ ደመወዙን ጠቅልሎ ስለሚወስድበት፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሆኖ ከእናቱ ቤት ሳሎን ላይ ይተኛል። በ1997ና በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተመዘገበ፤ ብዙው ዕጣ ሲጠብቅ አረጀ። ዕጣ የሚለው ቃል ራሱ የርስት ዘመን ቃል ነው፤ ዘመዳሞች የአያታቸውን መሬት ሲከፍሉ ማን የትኛውን ይውሰድ ለማለት ዕጣ ይጥሉ ነበር። ያኔ ዕጣ የሚጣለው ድርሻ ባላቸው መካከል ነበር።

እንግዲህ «ልጆቻችን ለምን አይወጡም?» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ፣ የልጁን ስንፍና ከመመርመሩ በፊት የራሱን አባት ቢያስታውስ መልካም ነው። አያት «ውጣ» ብቻ አላለም። ጉልማ ሰጠ፤ በሬ ቆጠረ፤ ሽማግሌ ላከ፤ ያም ባይሆን የማያውቀውን ተማሪ መገበ። በሌላ በኩል «ልጄ ከእኔ አይለይም» የሚለውን የፊታውራሪ መሸሻ አነጋገር እንደ ባህል የሚያቀርብልንንም ቢሆን የጎጃም ታሪክ አይመሰክርለትም።

ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ቀበሌዎች አንዳንድ አባቶች የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። ሕጉ ለልጅ በስጦታ ማስተላለፍን ስለሚፈቅድ፣ በቁማቸው ለልጃቸው ይቆርሳሉ። አራት ጥማድ ያለው ለአራት ልጆቹ አንዳንድ ጥማድ ቢሰጥ ለራሱ የሚቀረው የለም፤ ስለዚህ ለአንዱ ይሰጥና ሦስቱን «እናንተ ተማሩ» ይላቸዋል። የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ለታላቁ አይደለም፤ ትምህርት ላልሆነለት ልጅ ነው። ጸሐፊው ስሙን ሲጽፍ አባት ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጁ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ ከዚያ ተያይዘው ጠላ ቤት ይገባሉ።